ስልሳ ክሬዲት

ጋሼ ለገሠ ፖስታውን ከሻንጣቸው ሥር፣ በፎጣ ከተጠቀለለበት አወጡና በሁለት እጃቸው ሰጧት። ሠርካዲስም ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች። ስምንት ወር ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ወረቀት ነው። ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን ስታይ ግን ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

የፖስታው አፍ በቡናማ የካርቶን ፕላስተር ተለጥፏል። ከፕላስተሩ ሥር የዩኒቨርሲቲው ክብ ማኅተም ከመካከሉ ተከፍሎ፣ ግማሹ ወደ ላይ ግማሹ ወደ ታች ሸሽቶ ይታያል። ከጎኑ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በቆንጆ የጽሕፈት ቤት እጅ ጽሑፍ፣ «ተከፍቶ፣ ተመርምሮ፣ ተመልሶ የታሸገ። ሐምሌ 10 ቀን 1999 ዓ.ም.» ይላል። ከሥሩ የጋሼ ለገሠ ፊርማ አለ።

«ከፈቱት እንዴ ጋሼ?» አለች ድምፅዋን እንደምንም አለስልሳ።

«እንዴታ! የሰው አደራ ሳላይ እይዛለሁ? ሠላሳ አንድ ዓመት ንብረት ክፍል ሠርቼ ያላየሁትን ዕቃ ተረክቤ አላውቅም። ጊዜው ደግሞ ክፉ ነው። ኤርፖርት ላይ ‹ምንድን ነው የያዙት?› ቢሉኝ ‹እኔ እንጃ› ልላቸው ነው? በእንፋሎት አለሰለስሁት፤ በቢላዋ ቀስ ብዬ ከፈትሁት። ወረቀት ነው። ቆጠርሁት፤ ሦስት ገጽ። መልሼ አሸግሁና ፈረምሁበት።» ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ «ቦታኒ ላይ ግን ‹ሲ› ነው ያገኘሽው» አሏት።

እንኳን ደህና መጡ ለማለት ዴንቨር አጠገብ ባለችው ግሌንዴል፣ ልጃቸው አፓርታማ ውስጥ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሠርካዲስም ሳቀች። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰው፣ አደራ ተሸክመው ባሕር ተሻግረው የመጡትን፣ በሰው ፊት ምን ትላቸዋለች? «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ ለፉልኝ» ብላ ትከሻቸውን ሳመችና ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ግን ሞተሩን ሳታስነሳ ብዙ ቆየች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠርካዲስ አውሮራ ውስጥ፣ ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሽማግሎችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች፣ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ታነሳለች። በዘጠነኛው ዓመት ወገቧ አልታዘዝ አለ። ሐኪሙ የራጁን ፎቶ አየና «ሰው ማንሳት አቁሚ» አላት፤ ሰው ማንሳት ያቆመች ረዳት ነርስ ምን እንደምትበላ ግን አልነገራትም። በዚያው ሰሞን የነዋሪዎች ጉዳይ አስተባባሪ የነበረችው ሴት ጡረታ ወጣች። ቦታው ወንበር አለው፣ ስልክ አለው፤ የሚነሳ ሰው የለውም። ሥራ አስኪያጇ ካረን ሠርካዲስን ጠርታ፣ «ቦታውን ላንቺ ብሰጥ ደስ ይለኛል» አለቻት። «ድርጅቱ ግን ዲግሪ ይጠይቃል። ዲግሪ የሌለው ሰው ቢያንስ ስልሳ ክሬዲት ኖሮት ኮሌጅ ከገባ፣ እንዲጨርስ ሁለት ዓመት ይሰጠዋል። ኮሌጁ የጻፈውን ደብዳቤ እስከ ኦገስት አሥራ አምስት አምጪልኝ። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያ ማውጣት ግዴታዬ ነው።»

ዲግሪ መቶ ሃያ ክሬዲት ነው፤ ስልሳ ግማሹ ነው። ሠርካዲስ በእጇ ያለው ሠላሳ ስድስት ነበር፤ አንድ በአንድ፣ በየተርሙ አንድ ኮርስ እየወሰደች ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የለቀመችው። የቀረውን አገር ቤት ትታዋለች። ባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ስትደርስ አገሩ ታመሰ፤ ትምህርቱም ተቋረጠ። ደብረ ብርሃን ሄዳ አራት ዓመት አስተማረች፣ አገባች፣ የባሏ የዲቪ ዕጣ ወጣና ዴንቨር መጣች። ከባሏ ከጳውሎስ ጋር ስምምነት ነበራቸው፤ እሱ ይቀድማል፣ እሷ ትከተላለች። እሱ ታክሲ እየነዳ ሁለት ዓመት ተማረ፤ ሦስተኛውን ሳይጀምር ሞተ። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። ስለዚህ ብዙ አታወራም። ተራው የሷ እንደሆነ ግን ታውቃለች።

ያ ሦስት ገጽ ወረቀት በትንሹ ሃምሳ ክሬዲት ያስቆጥርላታል ብላ ነበር። ዴንቨር ውስጥ ስሙን ሁሉም የሚያውቀው ኮሌጅ፣ ትልቅ ሕንጻና ትልቅ ሜዳ ያለው፣ እንቀበልሻለን ብሎ ጽፎላታል። የአገር ቤቱን ውጤት በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አስምሮበታል፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ባሸገውና ማንም ባልከፈተው ፖስታ ይምጣ።

ሰኞ ከሥራ እንደወጣች ሄደች። የመዝገብ ክፍሉ መስኮት ላይ ዳያን የምትባል፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። ፖስታውን ወዲያና ወዲህ አገላበጠችው።

«ይሄ ተከፍቷል።»

«አዎ። ያመጣልኝ ሰው ነው የከፈተው። ወረቀቱ አልተነካም።»

«ይሄስ ጽሑፍ ምን ይላል?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «መልካም መንገድ ይላል» ብትላት ዳያን የት ታውቃለች? ሠርካዲስ ግን እንዳለ ተረጎመችላት። ዳያን ሳቋ መጣ፤ የሠርካዲስን ፊት ስታይ ዋጠችው።

«አዝናለሁ። ሌላ አስልኪ» ብላ ፖስታውን በመስኮቱ ሥር መለሰችላት።

ሌላ! አዲስ አበባ ክረምት ነው፤ ግማሹ ሠራተኛ እረፍት ወጥቷል። የአጎቷ ልጅ ተስፋዬ ያንን አንድ ፖስታ ለማውጣት ስምንት ወር ተመላልሷል። አንድ ቀን ፋይሉ ጠፋ፤ አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ገባ፤ አንድ ቀን ማኅተሙ ያለበት መሳቢያ ተቆልፎ ቁልፉን የያዘው ሰው ለቅሶ ሄደ። አሁን የቀራት ሃያ ሦስት ቀን ነው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለ መስፍን። መስፍን የጳውሎስ ታናሽ ወንድም ነው፤ ግሪን ቫሊ ራንች በገዛው ቤት ደጃፍ መንገደኛ እያመላለሰ የሚሠራበትን ሻትል ቫን እያጠበ ነበር። «አዲስ ፖስታ ግዢ። ማኅተም የሚቀርጽ ልጅ አውቃለሁ፤ በአንድ ቀን ያደርስልሻል። ወረቀቱ እንደሆነ እውነተኛ ነው። የተማርሽው አንቺ፣ ማርኩ ያንቺ። የማንን ሰረቅሽ?»

«ማኅተሙስ የማን ነው?»

«አንቺ ደግሞ! ጋሼ ለገሠ ‹ተከፍቶ ተመርምሮ› ብለው ሲፈርሙ ማን ሾማቸው? የጉምሩክ ሚኒስትር ናቸው?»

ሳትፈልግ ሳቀች። መስፍን እጁን በሱሪው ጠርጎ የልጁን ስልክ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጻፈላት።

አላሰበችበትም ማለት ውሸት ይሆናል። ከመስፍን ቤት እስከ አውሮራ ስትነዳ ቁራጯ ወረቀት ከጎኗ ወንበር ላይ ነበረች። አንድ ቀን ብቻ ነው። ማንም አያውቅም። ደግሞም እውነት ነው፤ የማንንም አልሰረቀችም። ቀይ መብራት ላይ ቆማ ወረቀቷን አነሳቻት፤ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ከኋላ ጡሩንባ ነፉባት። ቤቷ ስትደርስ ሌላው ነገር ታያት። ካረን የመድኃኒቱን ቁም ሣጥን ቁልፍ የምትሰጠው ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንዷ ሠርካዲስ ናት። ቢታወቅ የሚቀረው የወንበሩ ሥራ ብቻ አይደለም። ወረቀቷን ቀዳድዳ ጣለቻት። እፎይ አላለችም፤ በር ተዘጋ እንጂ ሌላ አልተከፈተም።

መስፍን መልካም ሰው ነው፤ አፉ ግን ክዳን የለውም። ሐሙስ ቀን ሠርካዲስ ከሥራ ስትወጣ ጋሼ ለገሠ በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ባርኔጣ አድርገዋል። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ከፌርማታው በእግራቸው ነው የመጡት።

«መስፍን ነገረኝ። ለምን ራስሽ አልነገርሽኝም?»

«ምን ያደርጋል ጋሼ። በቅንነት ነው ያደረጉት።»

«በቅንነት የተበላሸ ንብረት ከመዝገብ አይሰረዝም። ያበላሸው ይጠየቃል። ነይ ውሰጂኝ።»

«የት?»

«ከሴትዮዋ ዘንድ። ፊርማው የማን እንደሆነ ከባለቤቱ አፍ ትስማ።»

«ጋሼ፣ እነሱ ሕጋቸው አይጠመዘዝም።»

«እኔ ጠምዝዢው አልሁሽ? ውሰጂኝ አልሁሽ እንጂ።»

ወሰደቻቸው። ጋሼ ለገሠ መስኮቱ ፊት ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገሩና ዘወር ብለው ሠርካዲስ ተርጉማ እስክትጨርስ ይጠብቃሉ።

«ለገሠ እባላለሁ። የመንግሥት ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበርሁ። ይህን ፖስታ የከፈትሁት እኔ ነኝ፤ ይህች ልጅ የለችበትም። ሦስት ገጽ ነው። አልቀነስሁም፣ አልጨመርሁም። ካስፈለገ እምላለሁ።»

ዳያን መነጽሯን አደረገች። ጋሼ ለገሠ አንድ የቀራቸው ነገር ነበር።

«ማርኩ የተሠራ ቢሆን ቦታኒ ላይ ያንን ‹ሲ› ለምን ይተዉላት ነበር?»

ይህን መተርጎም ሠርካዲስን ከበዳት። ጋሼ ለገሠ ግን «በይው እንጂ» በሚል ዓይን አዩዋትና አለችው። ዳያን በዚህ ጊዜ ሳቋን አልዋጠችም።

«ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ሰምቼ አላውቅም በያቸው። አምናቸዋለሁ። እኔ ባምናቸው ግን ደንቡ አያምናቸውም።» ከዚያ ወደ ሠርካዲስ ዞረች። «ማመልከቻሽ ላይ ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ ብለሽ አልነበር?»

«አራት ዓመት።»

«ታዲያ ለምን አትፈተኚውም?»

ሠርካዲስ አልገባትም። ዳያን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳቻት። በየትምህርቱ የሚሰጥ አገር አቀፍ ፈተና አለ፤ ክፍል ገብተው ሳይማሩ፣ የሚያውቁትን ተፈትነው ክሬዲት ያገኙበታል። አንዱ ፈተና እስከ ስድስት ክሬዲት ያስገኛል። ዋጋውም ከአንድ ኮርስ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። «እኛ ግን በዚህ መንገድ የምንቀበለው ስድስት ብቻ ነው። ብዙ የሚቀበሉ ኮሌጆች አሉ። ፈልጊ። እኔ ይህን አላልኩሽም።»

«ምን አለችሽ?» አሉ ጋሼ ለገሠ መኪና ውስጥ ሲገቡ።

«እንደገና ተፈተኚ ነው የምትለኝ።»

«ታዲያ! ቆጠራ ማለት ይኸው አይደለም? መዝገቡ ሲጠፋ ዕቃው ራሱ ይቆጠራል።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውሮራ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ የኮሌጆች ስልክ ቁጥር ለቀመች። ደብተሯ ላይ አራት ጥያቄ ጻፈች። ከፈተና ስንት ክሬዲት ትቀበላላችሁ? ከእናንተ ዘንድ የግድ መማር ያለብኝ ስንት ነው? ጠቅላላ ዋጋው ስንት ይመጣል? እውቅና የሰጣችሁ ማን ነው? መኪናዋ ውስጥ ሆና፣ መስኮቱን ከፍታ፣ ደወለች። አንዱ ኮሌጅ «አሥራ ሁለት ብቻ» አላት። ሌላው ስልሳ እንቀበላለን አለ፤ የዓመቱ ክፍያ ግን የዓመት ደመወዟን ሊጨርስ ጥቂት ቀረው። አንዱ ጋ ሙዚቃ ብቻ ስትሰማ ቆይታ ስልኩ ተቋረጠ።

አራተኛው ስሙን ሰምታው የማታውቀው፣ ሩቅ ግዛት ያለ፣ ሠራተኛ ሰዎችን በኢንተርኔትና በፖስታ የሚያስተምር ትንሽ ኮሌጅ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ሴት ጆይስ እባላለሁ አለች። ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ሳትቸኩል መለሰች። ከሌላ ቦታ የሚመጣ ክሬዲት እስከ ዘጠና ይቀበላሉ፤ የኮሌጅም ይሁን፣ የፈተናም ይሁን፣ ሥራ ላይ የተገኘ ሥልጠናም ይሁን። የቀረውን ሠላሳ ብቻ ከነሱ ዘንድ መማር ነው። የአገር ቤቱን ወረቀት ግን እነሱም ካልተከፈተ ፖስታ ውጭ አይቀበሉም። ክፍያው ዳያን ዘንድ ካለው ሲሶ አይሞላም። ኦፊሴላዊው ውጤት እስኪደርስ ድረስ ደግሞ ፈተናው እንዳለቀ የሚታተመውን ወረቀት በፋክስ ከላከች፣ ጊዜያዊ ደብዳቤ ይጽፉላታል።

ሠርካዲስ ደስ ሊላት ሲል ፈራች። እንዲህ ያለ ነገር ሰምታለች፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ አንዲት ሴት በስድስት ወር ዲግሪ ሰጥተዋት፣ ወረቀቱን ይዛ ሥራ ስትጠይቅ ሰዎቹ ኮሌጁ እውቅና የለውም ብለው መልሰውላታል።

«ሕንጻ የሌለው ኮሌጅ?» አለ መስፍን። «ነገ ስልኩን ቢዘጉት የማንን በር ልታንኳኪ ነው? እኔ ማኅተም ላስቀርጽልሽ ስል ኃጢአት ሆነ፤ ጭራሽ ኮሌጁን በሙሉ የቀረጹት ጋ ልትሄጂ?»

ይህኛው ቀልዱ አላሳቃትም፤ እውነት ሊሆን ይችላላ። ቅዳሜንና እሑድን በዚህ ስትብሰለሰል ዋለች። የቀረው አሥራ ስድስት ቀን ነው። ሰኞ በምሳ ሰዓቷ ዳያን ዘንድ ደወለች።

«አንድ ጥያቄ ብቻ። ከዚህ ኮሌጅ ዲግሪ ይዤ ብመጣ፣ እናንተ ለማስተርስ ትቀበሉኛላችሁ?» ብላ ስሙን ነገረቻት።

ዳያን ስትጽፍ የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማል። ቆመ፤ እንደገና ጀመረ።

«እንቀበልሻለን» አለች በመጨረሻ። «እውቅናቸው ከኛው ጋር እኩል ነው።»

ሠርካዲስ ለዳያን ያቀረበችው ምስጋና ትንሽ ረዘመ። ያን ቀን ከሰዓት ለጆይስ ማመልከቻ ላከች፤ ፈተና ጣቢያው ዘንድም አራት ቀጠሮ ያዘች። አራት ጊዜ ስድስት ሃያ አራት። ሠላሳ ስድስትና ሃያ አራት ስልሳ። አንድ የሚተርፍ የለም። ከሃያ እስከ ሰማንያ ባለው ነጥብ ሃምሳ ያገኘ ያልፋል። አንዱን ብትወድቅ ያንኑ ፈተና እንደገና ለመውሰድ ስድስት ወር መጠበቅ ግድ ነው።

ባዮሎጂውን በማግስቱ፣ ሳትዘጋጅ ማለት ይቻላል፣ ተቀመጠችለት። ገና የመጀመሪያውን ጥያቄ ስታነብ ደብረ ብርሃን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሣለችው የቅጠል ሥዕል ታያት። ሲያልቅ ቁጥሩ ወዲያው ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ስልሳ ሦስት። በሦስተኛው ቀን ሒሳቡን ሃምሳ ስምንት አገኘች። ለእንግሊዝኛው ሳምንቱን ሙሉ ስትጨነቅ ከርማ፣ በሃምሳ ሁለት ተንጠልጥላ አለፈችው።

የቀረው የማኅበራዊ ሳይንስና የታሪክ ፈተና ነው። እሱን ነው ከመጀመሪያውም የፈራችው። የዚህ አገር ሰው በልጅነቱ ከእናቱ ወተት ጋር የጠጣውን ታሪክ እሷ በስድስት ቀን ከመጽሐፍ ልትቀዳ ነው። እዚህ ላይ የደረሰላት ከመኖሪያው አረጋውያን አንዱ፣ ሚስተር ሃውል ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አርባ ዓመት ሃይስኩል ታሪክ አስተምሯል። ቁርስ መብላቱን ይረሳል፤ የአንድ ሰው ስም ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ የፕሬዚዳንቶቹን ተራ ግን አይስትም። ጠዋት ጢሙን ስትላጨው መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግታለት ይጠይቃታል።

«ሴቶች መምረጥ የጀመሩት መቼ ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ ሃያ።»

«ማን ሰጣቸው?»

«አሥራ ዘጠነኛው ማሻሻያ። አትነቃነቅ፣ እቆርጥሃለሁ።»

«ማንም አልሰጣቸውም! ታግለው ወሰዱት። ፈተናው ላይ ግን ማሻሻያው በይ፤ የፈተና አራሚ ሞኝ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ስሟን ረስቶ «አንቺ አዲስ ነሽ?» አላት። የትናንቱን ጥያቄ ግን ካቆመበት ቀጠለ።

የፈተናው ቀን ኦገስት አሥራ ሦስት፣ ሰኞ ነበር። ጋሼ ለገሠ እንደ ወትሮው አብረዋት መጡ። ለአራቱም ፈተና መጥተዋል፤ «ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ሳይጣራ ቤቴ አልቀመጥም» ብለው። ኮሪደሩ ውስጥ ካለችው ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ፤ የጣቢያው ልጅ መጥቶ «እርስዎም ይፈተናሉ?» ብሎ ከጠየቃቸው ወዲህ ለሱ ሰላምታ ይሰጣሉ።

ዘጠና ደቂቃ ነው። ግማሹን የምታውቀው ይመስላት ነበር፤ ሌላውን ግማሽ መልስ የማይመስለውን እየሰረዘች፣ ከቀረው መካከል እየመረጠች አለፈችው። መጨረሻው ላይ ኮምፒውተሩ «ውጤትሽን ማየት ትፈልጊያለሽ ወይስ ይሰረዝ?» ብሎ ይጠይቃል። ማውዙን «ማየት» ወደሚለው ወሰደችው። ነካችው። ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቆየ። ቁጥሩ ወጣ።

ስትወጣ ጋሼ ለገሠ ብድግ አሉ።

«ስንት?»

«ሃምሳ።»

ፊታቸው ጠየመ። «ከመቶ? በይ አይዞሽ፣ ልጄ። እኔ ነኝ ለዚህ ያበቃሁሽ…»

«ከሰማንያ ነው ጋሼ። ማለፊያው ሃምሳ ነው። አልፌአለሁ።»

«ልክ ሃምሳ?»

«ልክ ሃምሳ።»

ጋሼ ለገሠ ቁጭ አሉ። «ጉድለት የለም፣ ትርፍ የለም። ይኸ ነው ንጹሕ ርክክብ» አሉና ባርኔጣቸውን እስከ ዓይናቸው ደፉ። ሠርካዲስ አላየሁም ብላ መኪናዋን ከቆመበት ልታመጣ ወጣች።

ማክሰኞ ሁሉንም በፋክስ ላከች። ረቡዕ፣ ኦገስት አሥራ አምስት፣ ፈረቃዋን በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ከቀትር በኋላ በሁለት ሰዓት ጨርሳ ከካረን ቢሮ በር አጠገብ ቆመች። ፋክስ አልመጣም። ካረን በአራት ሰዓት ትወጣለች። ሁለት ተኩል ሲሆን ሠርካዲስ ደወለች።

«ሠርካዲስ! ልደውልልሽ ነበር» አለች ጆይስ። «ቆጥሬ ጨርሻለሁ። ሃምሳ ሰባት ነው።»

«ስልሳ ነው።»

«ከኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ሠላሳ ስድስት አንዱ ኮርስ ለውጭ አገር ተማሪዎች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ መሰናዶ ነው። ለዲግሪ አይቆጠርም። ሦስት ክሬዲት ነው።»

ያንን ኮርስ ታስታውሰዋለች። መጀመሪያ የወሰደችው ነው። ጳውሎስ ነበር ያስመዘገባት። ግድግዳውን ተደገፈች። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው የምሳ ጋሪ እየገፋ ያልፋል።

«አለሽ?» አለች ጆይስ።

«አለሁ። ዛሬ ነው የመጨረሻው ቀን።»

«አውቃለሁ፤ ጽፈሽልኛል። እስቲ ልጠይቅሽ። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ረዳት ነርስ።»

«ፈቃድ አለሽ? የግዛቱ?»

«ያለ ፈቃድ ማን ያሠራኛል? ዘጠኝ ዓመቴ ነው።»

«ማመልከቻሽ ላይ ለምን አልጻፍሽውም?»

ሠርካዲስ ትምህርት የሚለውን ሣጥን ስትሞላ ትምህርቷን ጻፈች። ሽማግሌ ማጠብ ትምህርት ነው ብሎ ማን ነገራት?

«ለሥልጠናው ሦስት ክሬዲት እንሰጣለን» አለች ጆይስ። «ግልባጩን አሁን ላኪልኝ። ከዚህ ቢሮ እኔም በሰዓቴ እወጣለሁ፤ እኛ ዘንድ ከናንተ ሁለት ሰዓት ይቀድማል።»

ያ ማለት ጆይስ ዘንድ አራት ተኩል ሆኗል። ሠርካዲስ ሳታንኳኳ የካረን ቢሮ ገባች። ያንን አድርጋ አታውቅም። ፈቃዷ ካረን ካቢኔት ውስጥ ነበር፣ ካረን ራሷ አወጣችው፣ ራሷ ፋክሱ ላይ አደረገችው። ወረቀቱ ግማሹን ሄዶ ተጨናነቀ። ካረን ሰደበችው፤ ሠርካዲስ ክዳኑን ከፍታ በጣቷ ቀስ ብላ ሳበችው። ሁለተኛ ላኩት። ሄደ።

ከዚያ ሁለቱም ቁጭ አሉ። ካረን የምትሠራ መሰለች። ሠርካዲስ የግድግዳውን ሰዓት ላለማየት የመስኮቱን መጋረጃ አየች። ሦስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ማሽኑ አጓራና ወረቀቱን መትፋት ጀመረ። ካረን ዐረፍተ ነገሩን በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ታች ደረሰች።

«ስልሳ» አለች። «የአገርሽን ሦስት ዓመት ግን የትም አላየሁትም።»

«እሱን አልቆጠሩትም።»

«አንዱንም?»

«ባዮሎጂውንና ሒሳቡን ተፈትኜ አገኘሁት። የቀረው ቀርቷል።»

ካረን ደብዳቤውን ፋይሉ ውስጥ አስገብታ፣ «ሰኞ ጠዋት በስምንት ሰዓት ጀምሪ» አለቻት። ስልኩ ጮኸ። ጆይስ ናት፤ ደብዳቤው መድረሱን ልታረጋግጥ፣ ከመውጣቷም በፊት ሠርካዲስን ለመጪው ተርም ልትመዘግብ።

«ስንት ኮርስ ላስገባልሽ?»

«ስንት ይቻላል?»

«የሚሠራ ሰው ሁለት ቢወስድ ይሻለዋል። ሦስትም ይቻላል፤ ቶሎ ትጨርሻለሽ። ግን ከባድ ነው።»

ሠርካዲስ በልቧ ቆጠረች። አዲስ ሥራ ነው፣ ያልለመደችው ነው። ሁለት ዓመት ተሰጥቷታል።

«ሁለት ይበቃኛል» አለች።